አናሎግ ሲኩዌንሰርን እንደ ክራር መቃኘት

አናሎግ ስቴፕ ሲኩዌንሰር፣ ማለትም ለሲንተሳይዘር ድምፆችን በተራ የሚያዝዘው መሣሪያ፣ ኖታ አያውቅም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ የሚባል ነገር ውስጡ የለም፤ የሚያውቀው ቮልቴጅ ብቻ ነው። በየእርከኑ አንድ ማዞሪያ አለ፤ ማዞሪያው የተወሰነ ቮልቴጅ ያወጣል፤ ክሎኩ አንድ ምት በሰጠ ቁጥር ሲኩዌንሰሩ ወደሚቀጥለው እርከን ያልፋል። ብዙ ጀማሪ ይህን እንደ ጉድለት ያየውና ቶሎ ብሎ ኳንታይዘር ይገዛል። ኳንታይዘር እያንዳንዱን ቮልቴጅ ወደ ቅርቡ የፒያኖ ኖታ ይጎትታል። ክራርና ማሲንቆ ግን የሚቃኙት በጆሮ እንጂ በፒያኖ ልክ አይደለም። ኳንታይዘር ያልገባበት ሲኩዌንሰርም በጆሮ የሚቃኝ መሣሪያ ነው፤ ስድስት እርከን እንደ ስድስት የክራር አውታር ቢታሰብ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

መሣሪያው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዶን ቡክላ በሳን ፍራንሲስኮ፣ ሮበርት ሙግ ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት ሲኩዌንሰር ሠርተዋል። የሙግ 960 ስምንት እርከን በሦስት ረድፍ፣ በድምሩ 24 ማዞሪያ ነበረው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ዩሮራክ የሚባለው ትንሹ የሞጁል (በኬዝ፣ ማለትም በሳጥን ውስጥ የሚገጠም የሲንተሳይዘር ክፍል) መጠን ነው፤ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር በ1990ዎቹ አጋማሽ ያስጀመረው። እዚህ የምንነጋገረው በዚሁ መጠን ስለተሠራ፣ ስምንት እርከንና ሁለት ረድፍ ስላለው ሲኩዌንሰር ነው።

ምን ምን ያስፈልጋል

ሲኩዌንሰሩ የእያንዳንዱን እርከን ጌት (እርከኑ ሲበራ የሚወጣውን የማብሪያ ቮልቴጅ) ለብቻው የሚያወጣ ቢሆን ይመረጣል። ከእሱ ጋር ካሬ ሞገድ የሚሰጥ ክሎክ ወይም ኤልኤፍኦ (ዝግተኛ ሞገድ አመንጪ)፣ ሁለት ቪሲኦ (በቮልቴጅ የሚታዘዝ ድምፅ አመንጪ)፣ አንድ ኢንቨሎፕ (የድምፁን መነሳትና መክሰም የሚቀርጽ)፣ አንድ ቪሲኤ (በቮልቴጅ የሚታዘዝ የድምፅ መጠን)፣ ሁለት አቴንዌተር (ቮልቴጅ መቀነሻ)፣ አንድ ተራ መልቲፕል (አንዱን ምልክት ለብዙ የሚያካፍል)፣ አንድ በፈርድ መልቲፕል (ቮልቴጁን ሳይቀንስ የሚያካፍል)፣ አንድ ሎጂክ ሞጁል (ጌቶችን የሚያጣምር)፣ አንድ ሚክሰርና አሥራ አምስት ያህል ባለ 3.5 ሚሊሜትር ሞኖ ገመድ አዘጋጁ። ከሞጁሎቹ ውጪ ሚሊቮልት የሚያነብ ዲጂታል ቴስተር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቪሲኦ ቅንጦት አይምሰላችሁ። ለመቃኘት ከሁሉም በላይ የሚያግዘው እሱ ነው።

ስለ ኃይል አንድ ነገር ብቻ፦ በጠፍጣፋው የኃይል ገመድ ላይ ያለው ቀይ መስመር የሚውለው −12 ቮልት በተጻፈበት በኩል ነው። ተገልብጦ ከተሰካ ሞጁሉ በአንድ ሰከንድ ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት ሁለቱንም ጫፍ እዩ። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ሰፈር የምትሠሩ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ የኬዙን ማብሪያ ወዲያው አጥፉና መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ ጠብቁ። ደግነቱ አናሎግ ሲኩዌንሰር ቅኝቱን አይረሳም፤ ማዞሪያዎቹ ባሉበት ናቸው። የሚጠፋው የቆመበት እርከን ብቻ ነው፤ ሲከፈት የትም ሊነሳ ስለሚችል መጀመሪያ ሪሴት (ወደ እርከን 1 የሚመልሰውን ምልክት) ስጡት።

ክሎኩና የመጀመሪያው ሽቦ

ክሎኩን በተራው መልቲፕል ለሁለት ክፈሉት። አንዱን ወደ ሲኩዌንሰሩ የክሎክ መግቢያ፣ ሌላውን ወደ ኢንቨሎፑ የጌት መግቢያ ሰኩ። የሲኩዌንሰሩን ረድፍ ሀ መውጫ ወደ አቴንዌተሩ፣ ከአቴንዌተሩ ወደ በፈርድ መልቲፕሉ፣ ከዚያ ወደ ቪሲኦ 1 የ1 ቮልት በኦክታቭ መግቢያ (1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወደሚወጣበት) ውሰዱት። ቪሲኦ 1 በቪሲኤ በኩል፣ ቪሲኦ 2 ደግሞ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ይግቡ። ኢንቨሎፑ ቪሲኤውን ይክፈት ይዝጋው።

ለክሎክ ካሬ ሞገድ ተጠቀሙ። ሳይን ወይም ትራያንግል ቀስ ብሎ ስለሚወጣ አንዳንድ መግቢያ ልክ በመቁጠሪያው ነጥብ አካባቢ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቆጥረዋል፤ ሲኩዌንሰሩ አንድ እርከን እየዘለለ ከሄደ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው። ፍጥነቱን ማስላት ቀላል ነው፤ በአራት ምት ዘፈን እያንዳንዱ እርከን አንድ አሥራ ስድስተኛ ከሆነ በደቂቃ ያለውን ምት በ60 ከፍላችሁ በ4 አባዙት። 120 ምት ማለት 8 ኸርዝ፣ ማለትም በእርከን 125 ሚሊሰከንድ ነው።

መቃኘት

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። መጀመሪያ ኬዙን ከፍታችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሙቅ። ያልሞቀ ቪሲኦ እየተንሸራተተ ሲሄድ እናንተ ማዞሪያውን ታሳድዳላችሁ፤ አምስተኛውን እርከን ስትጨርሱ አንደኛው ተበላሽቶ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ የቮልቴጁን ስፋት አጥብቡ። ብዙ ሲኩዌንሰር ከ0 እስከ 5 ቮልት ያወጣል። በ1 ቮልት በኦክታቭ ስሌት ይህ አምስት ኦክታቭ፣ ማለትም 60 ሰሚቶን (በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ነው። ማዞሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዞረው 300 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሰሚቶን የሚደርሰው 5 ዲግሪ ብቻ ነው። የሰሚቶንን አንድ አሥረኛ ለማስተካከል ጣታችሁን ግማሽ ዲግሪ ማንቀሳቀስ ይኖርባችኋል፤ የሰው እጅ ይህን በአስተማማኝ ሁኔታ አይችለውም። መፍትሔው አቴንዌተሩ ነው። እርከን 1ን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉትና ቴስተሩ ከአቴንዌተሩ በኋላ 1.25 ቮልት እስኪያነብ ቀንሱት። አሁን ያላችሁ 15 ሰሚቶን ነው፤ ለአንዱ 20 ዲግሪ ይደርሰዋል። አንድ ኦክታቭ ሙሉ ይገባል፣ ከላይም ከታችም ትንሽ ይተርፋል። ከዚህ በኋላ አቴንዌተሩን እንዳትነኩት። እሱ ሲነካ በድምፆቹ ሁሉ መካከል ያለው ርቀት አብሮ ይጠብባል ወይም ይሰፋል፣ ቅኝቱም ይፈርሳል። ማዞሪያው ላይ ፕላስተር መለጠፍ አያሳፍርም።

ክሎኩን አቁሙና በእጅ እርከን የሚያሳልፈውን ቁልፍ ተጠቀሙ። ድምፁ ሳይቋረጥ እንዲሰማ ቪሲኤውን ክፍት አድርጉት። ሁለቱም ቪሲኦ መጋዝ ሞገድ ላይ ይሁኑ። ሳይን አይሆንም፤ ምክንያቱ ወዲያው ይገባችኋል።

እርከን 1 መነሻው ነው። ማዞሪያውን ዜሮ ላይ ሳይሆን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ 0.05 ቮልት ይበቃል። አለዚያ ወደ ታች ማስተካከል ብትፈልጉ ቦታ አይኖራችሁም። ከዚያ ቪሲኦ 1ን በራሱ ማዞሪያ ወደምትፈልጉት መነሻ፣ ለምሳሌ 220 ኸርዝ፣ አምጡት። ቪሲኦ 2ንም እዚያው ላይ አስተካክሉት። ሁለቱ ሲቀራረቡ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ዋው… ዋው… ዋው እያለ። መንቀጥቀጡ በሰከንድ አምስት ጊዜ ከሆነ ሁለቱ በ5 ኸርዝ ተለያይተዋል ማለት ነው። እየቀረባችሁ ስትመጡ ወደ ሦስት፣ ወደ አንድ ይወርዳል፤ ከዚያ እንደ ትንፋሽ ረጅም ይሆንና ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ነው ልኩ። ከአሁን ጀምሮ ቪሲኦ 2 ሳይለወጥ መነሻውን ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይቃኛል።

ወደ እርከን 6 ዝለሉና ኦክታቩን አግኙ። መንቀጥቀጡ እስኪቆም አዙሩ። በዚህ ጊዜ በእርከን 1 እና በእርከን 6 መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት በቴስተር ለኩ። ከ1.000 ቮልት ብዙ ከራቀ የቪሲኦው ስኬል ትክክል አይደለም ማለት ነው። በጆሮ ለመቃኘት ይህ አያግዳችሁም፤ ከታች ያሉት ቁጥሮች ግን አይሠሩላችሁም፣ በኋላ ቅኝቱን ወደ ሌላ መነሻ ስታሻግሩትም ይዛባል። ስለዚህ አሁኑኑ የቪሲኦውን የስኬል ትሪመር (1 ቮልት ልክ አንድ ኦክታቭ እንዲሆን የሚያስተካክለውን ትንሽ ብሎን) አስተካክሉ።

ከኦክታቩ በኋላ አምስተኛው ነው፤ መጋዝ ሞገድ የተፈለገውም ለዚህ ነው። መነሻው 220 ከሆነ ንጹሕ አምስተኛው 330 ኸርዝ ነው። ሁለቱ ድምፆች ራሳቸው አይገናኙም፤ የሚገናኙት በላያቸው ያሉት ሃርሞኒኮች (የድምፁ ብዜቶች) 660 ላይ ነው። ሳይን ሞገድ ሃርሞኒክ ስለሌለው የሚንቀጠቀጥ ነገር አይኖርም፣ ጆሯችሁም የሚይዘው ያጣል። በመጋዝ ሞገድ ግን የፒያኖ አምስተኛ እንኳ በአራት ሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። መንቀጥቀጡ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ቴስተሩ ከመነሻው 0.585 ቮልት ያህል ያሳያል፤ የፒያኖው 0.583 ነው። ልዩነቱ 2 ሚሊቮልት ብቻ ሆኖ ሳለ ጆሮ ይለየዋል።

የቀሩት እርከኖች እንደ ቅኝቱ ነው። ከመነሻው ከፍ የሚሉበት ቮልቴጅ እንደ ፒያኖ ልክ ሲሰላ እንዲህ ይሆናል፦

ትዝታ ሜጀር፦ 0 – 0.167 – 0.333 – 0.583 – 0.750
ትዝታ ማይነር፦ 0 – 0.167 – 0.250 – 0.583 – 0.667
ባቲ፦ 0 – 0.333 – 0.417 – 0.583 – 0.917
አምባሰል፦ 0 – 0.083 – 0.417 – 0.583 – 0.667
አንቺ ሆዬ፦ 0 – 0.083 – 0.417 – 0.500 – 0.750

ስድስተኛው እርከን በሁሉም 1.000፣ ማለትም የመነሻው ኦክታቭ ነው። አንቺ ሆዬ ንጹሕ አምስተኛ እንደሌለው አስተውሉ። እሱን ስትቃኙ ከኦክታቩ ቀጥሎ የምትይዙት አራተኛውን፣ 0.417 የሚለውን ነው፤ መንቀጥቀጡ ሲጠፋ 0.415 ላይ ትደርሳላችሁ።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም። የትዝታ ሜጀርን ሦስተኛ ድምፅ ውሰዱ። 0.333 ላይ ከቪሲኦ 2 ጋር ሲሰማ ሸካራ ነው፤ መንቀጥቀጡ እስኪቆም ዝቅ ስታደርጉት 0.322 አካባቢ ይረጋል። ከሰሚቶን አንድ አሥረኛ በላይ ዝቅ አለ ማለት ነው። የትኛው ይሻላል? ዘፈኑ ከኪቦርድ ጋር የሚሄድ ከሆነ 0.333። ብቻውን ወይም ከማሲንቆ ጋር ከሆነ የማሲንቆውን ድምፅ እየሰማችሁ ማዞሪያውን ወደዚያ ውሰዱት። የአምባሰልና የአንቺ ሆዬን ሁለተኛ ድምፅም እንዲሁ፦ ለመነሻው በጣም ቅርብ ስለሆነች በትንሿ ለውጥ ስሜቷ ይቀያየራል። የምትወዱት የክራር ቅጂ ካለ እያጫወታችሁ ማዞሪያውን በእሱ ላይ ቃኙ። ኳንታይዘር የሚነጥቃችሁ ይህንን ነው።

አውታሩ ሌላ፣ ጣቱ ሌላ

እስካሁን ያለው ሲኩዌንሰር የተቃኙትን ድምፆች ከታች ወደ ላይ ብቻ ይወጣቸዋል። ዜማ ለመሥራት የተለመደው መንገድ እርከኖቹን በዜማው ቅደም ተከተል መቃኘት ነው፤ ችግሩ አንድ ድምፅ ሦስት ቦታ ከመጣ ሦስት ማዞሪያ እኩል መቃኘት አለበት። ሦስቱ መቼም ፍጹም እኩል አይሆኑም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። አንዳንድ ሲኩዌንሰር የትኛው እርከን ላይ እንደሚቆም በቮልቴጅ የሚታዘዝበት መግቢያ አለው። የእናንተም ካለው፣ የቃናችሁትን ሲኩዌንሰር ከክሎኩ ንቀሉትና ሁለተኛ ተራ ሲኩዌንሰር ይምራው። የመጀመሪያው ክራሩ ነው፣ ሁለተኛው ጣቱ። መግቢያው ከ0 እስከ 5 ቮልት ለስምንት እርከን የሚቀበል ከሆነ ለእያንዳንዱ አውታር 0.625 ቮልት ይደርሰዋል። በጣቱ ሲኩዌንሰር ላይ ይህ ከ37 ዲግሪ በላይ ስፋት ነው፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁም አትስቱትም። ዜማውን በየደቂቃው ብትለዋውጡ ቅኝቱ አይነካም። ማስጠንቀቂያው አንድ ነው፦ ማዞሪያው በሁለት አውታር ድንበር ላይ ከወደቀ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ድምፁን ከወዲያ ወዲህ ያወዛውዘዋል። ማዞሪያውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ አውታሩ የሚቀየርባቸውን ሁለት ነጥቦች ለዩና መካከላቸው ላይ አቁሙት።

ሪሴትና የተዘለለችው አንደኛ

ስምንቱን ወደ ስድስት ለማሳጠር የእርከን 7ን ጌት ወደ ሪሴት መግቢያ ሰኩ። ሲኩዌንሰሩ ሰባተኛው ላይ እንደደረሰ ራሱን ወደ አንደኛው ይመልሳል። ለአምስት ከሆነ የእርከን 6ን ጌት። ለመማሪያ ተብለው በሚሠሩት ቀላል ሲኩዌንሰሮች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ሲዲ4017 የሚባለው ቆጣሪ ቺፕ ነው፤ ክሎኩ በእግር 14፣ ሪሴቱ በእግር 15 ይገባል። ሰባተኛው እርከን የሚኖረው ለማይሰማ አፍታ ብቻ ነው። ውስጡ ፕሮሰሰር ባለው ሲኩዌንሰር ግን መመለሱ አንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ሊወስድ ይችላል፤ ያኔ አንደኛው ድምፅ መጀመሪያ ላይ ትንሽ «ጭ» የሚል ነገር ይሰማል። ለዚህ ቀላል መላ አለ፦ እርከን 7ንም እንደ እርከን 1 ቃኙት።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ዘፈኑን ስትጀምሩ ሪሴትና ክሎክ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ሪሴቱ ወደ አንድ ይመልሰዋል፣ ክሎኩ እኩል ወይም በጥቂቱ ዘግይቶ ደርሶ ወደ ሁለት ያሳልፈዋል፤ አንደኛዋ ሳትሰማ ቀረች። ከከበሮው ጋር በአንድ እርከን ተዛንፋችሁ ትሄዳላችሁ። መፍትሔው ወደ ሲኩዌንሰሩ የሚሄደውን ክሎክ በትሪገር ዲሌይ (ምትን በሚያዘገይ ሞጁል) ከ1 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ማዘግየት ነው። ይህ የሚሠራው ሪሴቱ ከፍ ብሎ እያለ ክሎክን ለሚያግድ ሲኩዌንሰር ወይም ሪሴቱን «በሚቀጥለው ምት አንደኛው ላይ ሁን» ብሎ ለሚተረጉም ነው። ሪሴቱ አጭር ሆኖ ወዲያው የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሪሴቱን በመጨረሻው ምት ላይ ሳይሆን ዘፈኑ ከቆመ በኋላ ስጡና የመጀመሪያዋን ክሎክ አስቀሩ። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ክሎኩን አቁማችሁ ሪሴት ስጡት፦ መብራቱ ወዲያው ወደ 1 ከተመለሰ ወዲያው የሚሠራ ነው። ክሎኩን ስታዘገዩ ኢንቨሎፑንም ከዘገየው ክሎክ ስጡት፤ አለዚያ ቪሲኤው ተከፍቶ ያለፈውን ድምፅ ጫፍ ያሰማል።

የሚዋሃዱ ጌቶችና የሙት ድምፅ

የእርከን ጌት እርከኑ እስካለ ድረስ ከፍ ብሎ ይቆያል። ኢንቨሎፑን በክሎኩ ፋንታ በእርከን ጌቶች እያስነሳችሁ እርከን 2 እና እርከን 3ን አብራችሁ ብትከፍቱ ሁለቱ ጌቶች መካከላቸው ሳይወርድ ይዋሃዳሉ፤ ኢንቨሎፑም አንድ ጊዜ ብቻ ይነሳል። ሁለተኛው ኖታ ሳይመታ የተንሸራተተ ይመስላል። አንዳንዴ የሚፈለግ ውበት ነው። ካልፈለጋችሁት ጌቱንና ክሎኩን በሎጂክ ሞጁሉ «ኤንድ» (AND) መውጫ በኩል አሳልፏቸው፣ ሁለቱም ሲኖሩ ብቻ በሚከፈተው። የኖታው ርዝመት ከዚያ በኋላ በክሎኩ የካሬ ስፋት ይወሰናል፦ 20 በመቶ አጭርና ነጠላ፣ 80 በመቶ የተያያዘ።

ሁለት የጌት መውጫዎችን በተራ መልቲፕል አታጋጥሙ። አንዱ 5 ቮልት፣ ሌላው ዜሮ ሲያወጣ እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ ጌቱ አቅም ያጣል፣ መውጫውም ሊጎዳ ይችላል። ማጋጠም የሚፈቀደው በኦር (OR) ሎጂክ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲኖር በሚከፈተው፣ ወይም በሚክሰር ነው።

እረፍት በሰጣችሁበት እርከን ላይ ደግሞ የሙት ድምፅ ይመጣል። ጌቱ ጠፍቷል፣ ኢንቨሎፑ ግን ያለፈውን ኖታ ገና እያከሰመ ነው፤ ቮልቴጁ ወደ አዲሱ እርከን ዘሏል። በማክሰሚያው ላይ ያልተፈለገ ቃና ይሰማል። ወይ የእረፍቷን እርከን ካለፈችው ጋር እኩል ቃኙ፣ ወይም በጌቱ የሚነሳ ሳምፕል ኤንድ ሆልድ (አንድን ቮልቴጅ ይዞ የሚያቆይ ሞጁል) ከአቴንዌተሩ ቀጥሎ አስገቡ።

ችክችካ በስድስት እርከን

ስድስት እርከን ለ6/8 ልክ ነው። ነጥብ ያላት ሩብ በደቂቃ 100 እንድትሆን ከፈለጋችሁ በ60 ከፍላችሁ በ3 አባዙ፦ 5 ኸርዝ፣ በእርከን 200 ሚሊሰከንድ። የከበሮውን ትልቅ ፊት ድምፅ በጌት 1 እና 4 ላይ፣ ጭብጨባውን በ1፣ 3 እና 5 ላይ አድርጉ። ሁለት በሦስት ላይ ተደረበ፤ ጆሮ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይቆጥራል። ባሱ በክራሩ ዜማ ውስጥ 1 እና 4 ላይ መነሻውንና አምስተኛውን ቢይዝ መሬት ያገኛል።

እኩል እርከን ግን ማሽን ማሽን ይላል። ሰው ሲመታ እርከኖቹን እኩል አያደርጋቸውም፤ ረድፍ ለ የሚያገለግለው እዚህ ነው። ክሎካችሁ የፍጥነት ቮልቴጅ መግቢያ ካለው የረድፍ ለ መውጫን በሁለተኛው አቴንዌተር በኩል ወደዚያ ሰኩ። አቴንዌተሩን ሙሉው ማዞሪያ 0.4 ቮልት እንዲሰጥ አጥብቡት፤ ስድስቱንም የረድፍ ለ ማዞሪያዎች መሐል ላይ አድርጉና ክሎኩን ወደ 5 ኸርዝ መልሱት። አሁን አንዱን ማዞሪያ ከፍ ማድረግ ያንን እርከን ያሳጥራል፣ ዝቅ ማድረግ ያስረዝማል። መግቢያው ፍጥነቱን በ1 ቮልት እጥፍ የሚያደርግ ከሆነ 0.1 ቮልት እርከኑን 13 ሚሊሰከንድ ያህል ያሳጥረዋል። 1 እና 4ን በጥቂቱ አስረዝሙ፣ 3 እና 6ን በዚያው ልክ አሳጥሩ፤ ከዚያ ትከሻችሁ እስኪነሳ በጆሮ ጨርሱት። ክሎኩ ራሱ ስለሚለዋወጥ ከበሮውም ጭብጨባውም አብረው ይሄዳሉ። ከኮምፒውተር ክሎክ ጋር ግን ይህ አይሆንም፤ የክሎኩ ባለቤት ሞጁላሩ ራሱ መሆን አለበት።

የአዝማሪና የተቀባይ ዓይነት ምልልስ ከፈለጋችሁ ረድፍ ለን ለሰዓት ሳይሆን ለድምፅ ተጠቀሙበት። ሀን እና ለን ወደ ሲኩዌንሻል ስዊች (ምት በመጣ ቁጥር ከአንዱ መግቢያ ወደ ሌላው የሚቀያይር) አስገቡ፤ ስዊቹን የሚያሸጋግረው የእርከን 1 ጌት ይሁን። ስድስቱ ሀ አውጪ፣ ስድስቱ ለ ተቀባይ ሆነው የአሥራ ሁለት እርከን ሐረግ ታገኛላችሁ።

የሚያፈስ ቮልቴጅ

ሁሉ ተቃኝቶ ሳለ ሦስተኛ ቪሲኦ በተራ መልቲፕል ስትጨምሩ ቅኝቱ ድንገት ይጠብባል። ይህ የኦም ሕግ ነው። የሲኩዌንሰሩ መውጫ 1 ኪሎኦም ሬዚስታንስ ካለው፣ የቪሲኦው መግቢያ ደግሞ 100 ኪሎኦም ከሆነ፣ 1 ቮልት የነበረው 0.990 ሆኖ ይደርሳል። 12 ሳንቲም ያህል ጠፋ፤ ሳንቲም ማለት የሰሚቶን መቶኛ ነው። ሁለት ቪሲኦ ሲሆን ኪሳራው ወደ 24፣ ሦስት ሲሆን ወደ 35 ያድጋል። በዝቅተኛ ድምፆች ላይ አይታወቅም፣ ኦክታቩ ላይ ግን ይጮኻል። በፈርድ መልቲፕል ከመጀመሪያው የተሰካው ለዚህ ነው። ተራው መልቲፕል ለክሎክና ለጌት ይበቃል፤ 5 ቮልት 4.9 ቢሆን ማንም አይጎዳም።

ቅኝቱን ሳይፈርስ ወደ ሌላ መነሻ ለማሻገር የምትጨምሩት ቮልቴጅ በፕሪሲዥን አደር (ቮልቴጆችን በትክክል የሚደምር ሞጁል) ወይም በቪሲኦው ሁለተኛ የ1 ቮልት በኦክታቭ መግቢያ ይግባ። ወደ አምስተኛ ለመሻገር 0.583። በኤፍኤም (ድምፁን ለማወዛወዝ በሚያገለግለው) መግቢያ አታስገቡት፤ እሱ ፊት ያለው አቴንዌተር የተለካ ስላልሆነ በእያንዳንዱ ሽግግር ሌላ ቦታ ያወርዳችኋል። ሁለተኛ ሲኩዌንሰር በስድስት በተከፈለ ክሎክ (በየስድስት ምቱ አንዴ በሚመታ) እየሄደ ይህን ቮልቴጅ ቢሰጥ ዜማው በየዙሩ መነሻውን ይቀይራል፤ አራት እርከን ብቻ ይበቃዋል፣ ከአራቱ ሦስቱ ዜሮ ላይ ቢሆኑ ደግሞ አራተኛው ሲመጣ ይሰማል።

ማዞሪያ ስታዞሩ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ፖቴንሺዮሜትሩ አቧራ ይዟል። ኬዙን አጥፉ፣ ጥቂት የኮንታክት ማጽጃ በቀዳዳው ንፉና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ሠላሳ ጊዜ አዙሩት፤ ሲደርቅ ያን እርከን እንደገና ቃኙት። የቃናችሁትን ለማቆየት ደግሞ በስልክ ፎቶ ማንሳት አይበቃም፤ በፎቶ 20 ዲግሪ ሰሚቶን መሆኑን ማንበብ አይቻልም። የስድስቱን እርከን ቮልቴጅ እስከ ሦስተኛው ነጥብ ለኩና ከመነሻው ኸርዝ ጋር ጻፉት፤ የለካችሁት ገመዱ ቪሲኦው ላይ እንደተሰካ፣ ከበፈርዱ በኋላ መሆን አለበት።